እርጥብ አስፋልት የሚቆነጥጥ፣ ነዳጅም የሚቆጥብ የበጋ ጎማ፦ የአመራረጥ፣ የአገጣጠምና የአያያዝ መመሪያ

ይህ መመሪያ በተለይ በጀርመንና በአጎራባች የአውሮፓ አገሮች ለሚያሽከረክሩ ወገኖች የተዘጋጀ ሲሆን፣ አሜሪካና ኢትዮጵያ ላሉ አንባቢዎች የሚጠቅመው ክፍል በመጨረሻ ላይ ይገኛል። በአውሮፓ የክረምቱ፣ ማለትም የብርዱና የበረዶው ወቅት ጎማ ወጥቶ የሞቃቱ ወቅት የበጋ ጎማ የሚገባበት ጊዜ በየዓመቱ ተመላልሶ ይመጣል፤ አብዛኛው ሰው ግን ስለ ጎማ የሚያስበው ቀጠሮው ደርሶ ጎማ ቤቱ በወረፋ ሲጨናነቅ ስለሆነ፣ በዚያ ጥድፊያ መካከል ባለሙያው ያቀረበለትን ወይም ዋጋው ዝቅ ያለውን አስገጥሞ ይሄዳል። ከግዢው በፊት አንድ ምሽት ወስዶ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች የተከተለ ሰው ከሦስት እስከ አምስት ዓመት የሚነዳበትን ጎማ አውቆ ይመርጣል።

አስቀድሞ ሊታወቅ የሚገባው ዝናብ ላይ መያዝና ነዳጅ መቆጠብ በተፈጥሯቸው የሚጓተቱ ጠባዮች መሆናቸው ነው። ላስቲክ ተጨፍልቆ ወደ ቅርጹ ሲመለስ ከተሰጠው ጉልበት ከፊሉን በሙቀት መልክ ያባክናል። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር የሚባክነው ይህ ጉልበት ከነዳጅ የሚቀነስ ነው፤ ነገር ግን ያው የላስቲክ ጠባይ የአስፋልቱን ጥቃቅን ሸካራ ነጥቦች ይዞ መኪናውን የሚያቆመውም ነው። ስለዚህ ለረጅም ጊዜ ነዳጅ ቆጣቢ ጎማ ማለት በዝናብ የሚያንሸራትት ጎማ ማለት ነበር። ይህ የተለወጠው ጥቁሩ የካርቦን ዱቄት በከፊል በሲሊካ እየተተካ ከመጣ በኋላ ሲሆን፣ ሚሼሊን በ1992 በዚህ ቅመም የተሠራ ጎማ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ ሌሎቹም ተከትለውታል። ሲሊካ ጎማው ሲሽከረከር በሚፈጠረው ዘገምተኛ መተጣጠፍ ጊዜ ጥቂት ሙቀት እንዲባክን፣ በፍሬን ጊዜ በሚፈጠረው ፈጣን ንዝረት ግን ላስቲኩ መሬቱን አጥብቆ እንዲይዝ ያደርጋል። ዛሬ ሁለቱንም ያሟላ ጎማ ማግኘት ይቻላል፤ ሁሉም ጎማ ያሟላል ማለት ግን አይደለም።

አንደኛ፦ ወቅቱን ይወስኑ

የበጋ ጎማ ለደረቅ መንገድ ብቻ የተሠራ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እውነቱ ግን ከክረምቱ የሚለየው በዋናነት በላስቲኩ ቅመም ነው። የበጋው ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ቅርጹንና ልዝብነቱን ጠብቆ ይሠራል፤ ከዚያ በታች ሲቀዘቅዝ እየጠነከረ ይሄድና መንገድ መያዙ ይቀንሳል። 7 ዲግሪ የልማድ መለኪያ እንጂ ቁርጥ ያለ ድንበር አይደለም፤ ጠዋት ጠዋት ውርጭ መውረዱ እስኪያበቃ መጠበቅ ይሻላል። ለከባድ የበጋ ዝናብ የሚሻለው ግን ይኸው ጎማ ነው፤ የክረምት ጎማ በሙቀት ሲለሰልስ ጥርሱ ከፍሬኑ ጋር ስለሚወላወል ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈጃል።

ጀርመኖች «ከኦ እስከ ኦ» የሚሉት አባባል አላቸው፤ የክረምቱ ጎማ ከኦክቶበር እስከ ኦስተርን፣ ማለትም እስከ ፋሲካ ይቆይ ለማለት ነው። ፋሲካው የእነሱ መሆኑ አይዘንጋ። በ2024 የእነሱ ፋሲካ ማርች 31፣ የእኛ ደግሞ ሜይ 5 ስለዋለ፣ የእኛን የጠበቀ ሰው አምስት ሳምንት ዘግይቷል ማለት ነው። ጎማ ቤት ቀጠሮ መያዝ ያለበት ከፋሲካው በፊት ባሉት ሳምንታት ነው፤ የመጀመሪያው ሞቃት ቅዳሜ ከመጣ በኋላ ወረፋው አያስቆምም።

ሁለተኛ፦ ልኩን ከመኪናው ሰነድ ያውጡ

በጀርመን «ፋርትሶይግሻይን» በሚባለው የመኪና ሰነድ ላይ በቁጥር 15.1 የፊተኛው፣ በቁጥር 15.2 የኋለኛው ጎማ ልክ ተጽፏል። ለምሳሌ 205/55 አር 16 91 ቪ የሚል ብናገኝ፣ 205 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው፤ 55 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ አንጻር በመቶኛ ሲሆን፣ 16 ደግሞ የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። 91 የጭነት ቁጥር ሲሆን አንዱ ጎማ 615 ኪሎ ግራም መሸከም እንደሚችል ያመለክታል። ቪ እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት የተፈቀደ ፍጥነትን ያሳያል፤ ኤች 210፣ ቲ ደግሞ 190 ነው። ለበጋ ጎማ የጭነቱ ቁጥርም ሆነ የፍጥነቱ ፊደል ከተፈቀደው በታች መሆን የለበትም፤ ከፍ ቢል ግን ችግር የለውም።

ብዙ መኪና ከአንድ በላይ ልክ ይፈቀድለታል፤ ሌሎቹ ልኮች ከመኪናው ጋር በሚመጣው የፋብሪካ የስምምነት ምስክር ወረቀት ላይ ይገኛሉ። ምርጫ ካለዎት ጠበብ ያለውን ይውሰዱ። ሰፊ ጎማ መኪናውን ያሳምረዋል፣ ደረቅ መንገድ ላይም ኩርባውን አጥብቆ ይይዛል፤ ነገር ግን ጎርፍ ባለበት መንገድ ላይ ከፊቱ የሚገፋው ውኃ ስለሚበዛ ቶሎ ይንሳፈፋል፣ ዋጋውም ከፍ ይላል። ለመልክ ሲባል ባለ 18 ኢንች ቸርኬ የሚያስገጥሙ ሰዎች ይህን ሒሳብ ውስጥ የሚያስገቡት አይመስለኝም።

ሦስተኛ፦ ነባሩን ጎማ ይለኩ

አዲስ የበጋ ጎማ ጥርሱ 8 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥልቀት አለው። በአውሮፓ ሕግ የሚፈቀደው ዝቅተኛ ጥልቀት 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ይህን ለማወቅ በጥርሶቹ መካከል ባሉት ዋና ዋና ቦዮች ወለል ላይ ትንንሽ ጉብታዎች ተሠርተዋል፤ ጥርሱ አልቆ ከጉብታው ጋር እኩል ከሆነ ጎማው ከሕግ ውጭ ነው። ሕጉ የሚፈቅደው ግን ለዝናብ በቂ አይደለም። የጀርመኑ የአሽከርካሪዎች ማኅበር አዴአሴ የበጋ ጎማ 3 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ እንዲቀየር ይመክራል፤ ምክሩም ምክንያት አለው፤ ቦዩ በጎደለ ቁጥር ጎማው ሊያስወጣው የሚችለው ውኃ ይቀንሳል።

መለኪያ ከሌለዎት የ1 ዩሮ ሳንቲም ይበቃል። የሳንቲሙ ወርቃማ ጠርዝ ስፋት 3 ሚሊ ሜትር ስለሆነ፣ ሳንቲሙን ወደ ቦዩ አቁመው ሲያስገቡት ወርቃማው ክፍል ሙሉ በሙሉ ከተሸፈነ ጎማው ገና ነው፤ ከጠርዙ ጥቂቱ ወጥቶ ከታየ የመግዣው ጊዜ ደርሷል። አንድ ቦታ ብቻ ለክቶ መተው አይገባም። ውስጠኛው ጎን፣ መካከሉና ውጭኛው ጎን በየተራ ይለኩ፤ መካከሉ ብቻ ካለቀ ንፋሱ በዝቶ ነበር፣ ሁለቱ ጠርዞች ካለቁ ንፋሱ አንሶ ነበር፣ አንድ ጎን ብቻ ከተበላ ደግሞ ዊል አላይመንቱ (የጎማዎቹ አሰላለፍ) ተዛብቷል። ይህን ሳያስተካክሉ አዲስ ጎማ ማስገጠም አዲሱንም እንደዚያው ማስበላት ነው።

አራተኛ፦ መለያ ወረቀቱን ያንብቡ

በአውሮፓ ኅብረት የሚሸጥ እያንዳንዱ አዲስ የመኪና ጎማ መለያ ወረቀት ይዞ ይመጣል። አሁን የሚሠራበት መለያ በ2020 በወጣ ደንብ የተወሰነና ከሜይ 1 ቀን 2021 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለ ነው። በግራ በኩል ከነዳጅ ማደያ ምልክት ሥር የነዳጅ ቁጠባው፣ በቀኝ በኩል ከዝናብ ምልክት ሥር በእርጥብ መንገድ የመያዝ ችሎታው ከኤ እስከ ኢ ባሉ አምስት ክፍሎች ይመደባል። ከታች የውጭው ድምፅ በዴሲቤል ይገለጻል። በበጋ ጎማ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት አይኖርም፤ ካለ የያዙት የክረምት ወይም የአራቱም ወቅት ጎማ ነው።

ፊደሎቹ ከግምት የመጡ ሳይሆኑ ከኋላቸው ልኬት አለ። የነዳጁ ክፍል የሚወሰነው ጎማው በተሸከመው በእያንዳንዱ ኪሎ ኒውተን (100 ኪሎ ግራም ገደማ) ክብደት ለመሽከርከር ስንት ኒውተን ኃይል እንደሚበላ ተለክቶ ነው፤ እስከ 6.5 ድረስ ኤ፣ ከ6.6 እስከ 7.7 ቢ፣ ከ7.8 እስከ 9.0 ሲ፣ ከ9.1 እስከ 10.5 ዲ ነው። የዝናቡ ክፍል የሚወሰነው ጎማው በቀጭን የውኃ ንጣፍ ላይ ፍሬን ተይዞ ከአንድ መነሻ ጎማ ጋር በመወዳደር ነው፤ በዚህ ንጽጽር 1.55 እና ከዚያ በላይ ያመጣ ኤ፣ ከ1.40 ጀምሮ ያለው ቢ፣ ከ1.25 ጀምሮ ያለው ሲ ይባላል። በተግባር ሲተረጎም በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር እየነዱ እርጥብ መንገድ ላይ ፍሬን ቢይዙ፣ በአንድ ክፍል ዝቅ ባሉ ቁጥር መኪናው ለመቆም ከ3 እስከ 6 ሜትር ያህል ተጨማሪ ርቀት ይሄዳል። ዝቅተኛው ቁጥር እንኳ የአንድ ዜብራ ማቋረጫን ስፋት የሚያህል ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ገዢ የሚስተው ነገር አለ። መለያው የሚሰጠው ለሞዴሉ ስም ሳይሆን ለእያንዳንዱ ልክ ነው። ስሙና ጥርሱ አንድ ሆኖ ሳለ፣ በ205/55 አር 16 ልክ ኤ ያገኘ ጎማ በሌላ ልክ ቢ ወይም ሲ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ጓደኛዎ «እኔ የገጠምኩት ሁለቱም ላይ ኤ ነው» ቢልዎ፣ የእሱ ልክ ከእርስዎ የተለየ ከሆነ ምስክርነቱ ለእርስዎ አይሠራም። መለያው ላይ ያለውን ባለ አራት ማዕዘን ኮድ በስልክ ካሜራ ሲያነሡት የአውሮፓ ኅብረት የምርት መዝገብ ይከፈታል፤ በመዝገቡ ላይ ያለው ልክና ክፍል ሻጩ በማስታወቂያው ከጻፈው ጋር አንድ መሆኑን ያመሳክሩ።

አምስተኛ፦ ሁለቱን ፊደሎች ይመዝኑ

የተለመደው ጥያቄ በዝናብ ኤ፣ በነዳጅ ሲ ያለው ጎማና በነዳጅ ኤ፣ በዝናብ ሲ ያለው ጎማ አጠገብ ለአጠገብ ሲቀርቡ የቱ ይሻላል የሚለው ነው። መልሱን ለማግኘት የነዳጁን ጥቅም በቁጥር ማየት ይጠቅማል።

1,400 ኪሎ ግራም የሚመዝን መኪና በአራቱ ጎማዎቹ ላይ 13.7 ኪሎ ኒውተን ያህል ያሳርፋል። በቢ ክፍል መካከል ያለ ጎማ በኪሎ ኒውተን 7.2፣ በሲ ክፍል መካከል ያለው ደግሞ 8.4 ኒውተን ቢበላ፣ በጠቅላላው መኪና ላይ ልዩነቱ 16 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ይህ በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 1.6 ሜጋ ጁል ጉልበት ነው። የቤንዚን ሞተር ከሚያቃጥለው ጉልበት ሲሶ ያህሉን ብቻ ወደ ጎማ እንደሚያደርስ፣ አንድ ሊትር ቤንዚንም 32 ሜጋ ጁል ያህል እንደሚይዝ አድርገን ብናሰላ፣ ከቢ ወደ ሲ መውረድ በ100 ኪሎ ሜትር 0.15 ሊትር ያስከፍላል። በዓመት 12,000 ኪሎ ሜትር ለሚነዳ ሰው ከ18 እስከ 19 ሊትር፣ ሊትሩ በ1.70 ዩሮ ቢታሰብ 31 ዩሮ ገደማ ነው። ከኤ ወደ ዲ ቢወርድ ግን ልዩነቱ በዓመት ወደ 50 ሊትር ይጠጋል፤ ይህ የሚናቅ ገንዘብ አይደለም፣ በሦስት ዓመት ውስጥም የጎማዎቹን ዋጋ ጥሩ ድርሻ ይመልሳል። ስሌቱ በቤተ ሙከራ ከተለካ አኃዝ የተነሣ ስለሆነ በመንገድ ላይ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል፤ መጠኑን ለመገመት ግን ይበቃል።

እንግዲህ የእኔ አቋም ይህ ነው፦ በዝናብ ከቢ በታች ያለ ጎማ አይግዙ፤ በዝናብ ኤ ወይም ቢ ካገኙት መካከል ደግሞ በነዳጅ የተሻለውን ይምረጡ። በነዳጅ አንድ ክፍል ዝቅ ብለው ያጡትን፣ የጎማውን ንፋስ በመጠበቅ፣ የጣሪያ ዕቃ መጫኛውን በማውረድና በረጋ አነዳድ መመለስ ይቻላል። በዝናብ ሁለት ክፍል ዝቅ ብለው ያጡትን እስከ አንድ ደርዘን የሚደርስ ሜትር ግን ልጅ ወደ መንገድ በገባበት ቅጽበት የሚመልስ ምንም ነገር የለም። አልፎ አልፎ፣ በተለይ በተለመዱት ልኮች፣ በሁለቱም ኤ ያላቸው ይገኛሉ፤ ዋጋቸው ከአቅምዎ ካላለፈ ምርጫው ቀላል ነው፣ ነገር ግን ቀጥሎ ያለውን ሳያዩ ገንዘብ አይክፈሉ።

ስድስተኛ፦ መለያው የማይናገረውን ይፈልጉ

መለያው የተለካው በአዲስ ጎማ ላይ ነው፤ ጎማው ግማሹ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን አይነግርም። በቀጭን ውኃ ላይ የተያዘ ፍሬን እንጂ ጎርፍ ላይ መንሳፈፍን፣ ማለትም አኳፕላኒንግን አልለካም። ደረቅ መንገድ ላይ ያለውን ጠባይም ሆነ ጎማው ስንት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚቆይ ከእነዚህ ፊደሎች ማወቅ አይቻልም። በሁለቱም ኤ ያለው ጎማ ጥርሱ ቶሎ የሚያልቅ ከሆነ የነዳጁ ቁጠባ በሌላ በኩል ፈሰሰ ማለት ነው።

ለዚህ የገለልተኛ ድርጅቶችን የሙከራ ውጤት ማየት ያስፈልጋል። አዴአሴ በየዓመቱ ከበጋው መግቢያ በፊት አንድ ወይም ሁለት ልክ መርጦ በርካታ ጎማዎችን ያወዳድራል፤ ውጤቱም ደረቅ መንገድን፣ እርጥብ መንገድን፣ አኳፕላኒንግን፣ የነዳጅ ፍጆታንና የጎማውን ዕድሜ ለየብቻ ያሳያል። ሲያነብቡ አጠቃላይ ነጥቡ ላይ ብቻ አይቁሙ። በአጠቃላይ ሦስተኛ የወጣ ጎማ በእርጥብ መንገድ ከሁሉም የበለጠ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ልክ በዚያ ዓመት ካልተሞከረ በቅርብ የሚገኘውን ልክ ውጤት እንደ ጥቆማ ይውሰዱት እንጂ እንደ ማረጋገጫ አይቁጠሩት።

ሰባተኛ፦ ሲገዙ የተሠራበትን ቀን ይዩ

በጎማው ጎን ላይ ዶት ከሚለው ጽሑፍ በኋላ በሞላላ ክብ ውስጥ አራት ቁጥሮች አሉ። 1225 ከሆነ በ2025 ዓመት በ12ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። በአግባቡ ተከማችቶ የቆየ ጎማ ዓመት ቢሆነውም ለሥራ ብቁ ነው፤ ነገር ግን ሦስትና አራት ዓመት የቆየውን በአዲስ ዋጋ መግዛት የጎማውን ዕድሜ ገና ሳይጀምር ማሳጠር ነው። ያገለገለ ጎማ የሚሸጡ ብዙ ናቸው፤ ለዝናብ ተብሎ የሚገዛ ከሆነ ግን አልመክርም፤ ጥርሱ ቢታይም የላስቲኩ መድረቅና የውስጡ ጉዳት ከውጭ አይታይም።

አራቱም ጎማ አንድ ዓይነት ቢሆን ይመረጣል። ሁለት ብቻ ለመግዛት ከተገደዱ፣ መኪናው በፊት ጎማ የሚጎተትም ቢሆን፣ አዲሶቹ ከኋላ ይግቡ። ይህ ለብዙ ሰው የተገላቢጦሽ ይመስላል። የፊት ጎማ ሲንሸራተት መኪናው ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ሹፌሩም መሪው ሲቀልለው አውቆ እግሩን ከነዳጅ ያነሣል፤ የኋላው ሲንሸራተት ግን መኪናው በድንገት ይዞራል፣ መልሶ ለመያዝም ተራ አሽከርካሪ ጊዜ አያገኝም።

ስምንተኛ፦ አገጣጠሙን ቆመው ይመልከቱ

ጎማ ቤት ሲደርሱ ቡና ለመጠጣት ከመሄድዎ በፊት የጎማውን ጎን ይመልከቱ። ሮቴሽን የሚል ጽሑፍና ቀስት ያለበት ጎማ ቀስቱ መኪናው ወደ ፊት ሲሄድ በሚሽከረከርበት አቅጣጫ መግጠም አለበት። ጥርሱ የቪ ቅርጽ ያለው ይህ ዓይነት ጎማ በተቃራኒው ከተገጠመ ውኃውን ወደ ውጭ መግፋቱ ይቀርና ወደ መሐል ይሰበስበዋል። አውትሳይድ የሚል የተጻፈበት ደግሞ ያ ጎን ወደ ውጭ መታየት አለበት። በወረፋ ቀን ከአራቱ አንዱ ተገልብጦ መግባቱ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ መኪናውን ዞረው በአራቱም ላይ ጽሑፉን ቢያነብቡ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

አዲስ ጎማ ሲገጠም ባላንስ መደረግ አለበት፤ የንፋስ መሙያው ቫልቭም አብሮ ይቀየር። ከኖቬምበር 2014 ጀምሮ በአውሮፓ የተሸጡ አዳዲስ መኪኖች የጎማ ንፋስ መቆጣጠሪያ ስላላቸው፣ ከተገጠመና ንፋሱ ከተስተካከለ በኋላ መቆጣጠሪያው እንደገና መመዝገብ አለበት። ቡሎኖቹ በአየር ማጥበቂያ ብቻ ተጠብቀው እንዳይቀሩ ይጠይቁ፤ በመኪናው መመሪያ በተጻፈው የኒውተን ሜትር ልክ በእጅ መለኪያ ቁልፍ መጠናቀቅ አለባቸው። 50 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ቡሎኖቹን ደግሞ ማረጋገጥ የጀርመን ጎማ ቤቶች ሁሉ የሚያሳስቡት ነው፤ ብዙዎቹ ተመልሰው ሲሄዱ በነጻ ያደርጉታል።

የአዲስ ጎማ ገጽ ከፋብሪካው ቅርጽ መስጫ የቀረ ለስላሳ ሽፋን ይኖረዋል። ይህ እስኪለቅ፣ እስከ 300 ኪሎ ሜትር ድረስ፣ በተለይ ዝናብ ላይ ረጋ ብሎ መንዳትና ከፊት ካለው መኪና መራቅ ያስፈልጋል።

ዘጠነኛ፦ ንፋሱን ይጠብቁ

በመለያው ላይ ያለው የነዳጅ ፊደል የሚሠራው ጎማው ተገቢው ንፋስ ሲኖረው ብቻ ነው። ትክክለኛው መጠን በነዳጅ ክዳኑ ውስጥ ወይም በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ይገኛል፤ ሁለት ዓምድ ሲኖረው አንዱ ለቀላል፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት ነው። ቤተሰብ ጭነው ለበዓል ሌላ ከተማ ሲሄዱ ሁለተኛውን መጠቀም አይርሱ።

ልኬቱ የሚደረገው ጎማው ቀዝቃዛ እንደሆነ፣ ማለትም መኪናው ለጥቂት ሰዓታት ቆሞ ወይም ወደ ማደያው አጭር መንገድ ብቻ ተነድቶ ነው። የአየሩ ሙቀት በ10 ዲግሪ ሲወርድ ንፋሱ በ0.1 ባር ያህል ይቀንሳል፤ ስለዚህ በጁላይ የተሞላ ጎማ በሴፕቴምበር ጠዋት ጎድሎ ይገኛል። የመኪናው መቆጣጠሪያ መብራት የሚበራው ጉድለቱ ከፍ ሲል ስለሆነ እሱን መጠበቅ አያዋጣም፤ በወር አንድ ጊዜ ማደያ ሲገቡ መለካት በቂ ነው። «ንፋስ ሲያንስ ጎማው የበለጠ ይይዛል» የሚለው የቆየ ወሬ ለዝናብ ፈጽሞ አይሠራም። የጎደለ ጎማ መሐሉ ወደ ውስጥ ስለሚጎብጥ ቦዮቹ ይጠብባሉ፣ ውኃው መውጫ ያጣል፣ መኪናውም በዝቅተኛ ፍጥነት መንሳፈፍ ይጀምራል፤ ነዳጁም ይጨምራል።

መለያ ወረቀቱ በሌለበት አገር

አሜሪካ ላሉ ወገኖች ይህ የአውሮፓ መለያ የለም። በምትኩ በጎማው ጎን ላይ ሦስት ደረጃዎች ተቀርጸው ይገኛሉ፦ ትሬድዌር (የጥርሱ አላላቅ) በቁጥር፣ ትራክሽን ከድርብ ኤ እስከ ሲ፣ ቴምፕሬቸር (ሙቀት የመቋቋም ችሎታ) ከኤ እስከ ሲ። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ትራክሽን ነው፤ እሱም እርጥብ አስፋልትና ኮንክሪት ላይ ቀጥታ ሲቆም የሚያሳየውን የመያዝ አቅም ይመድባል። ከኤ በታች የሆነውን ይተዉ፤ ከተገኘ ድርብ ኤውን ይምረጡ። ስለ ነዳጅ ግን ከሦስቱ አንዱም አይናገርም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ክረምት የሚባለው ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው የዝናብ ወቅት ሲሆን፣ በረዶ ለሌለበት ለዚህ አየር የሚስማማው አውሮፓ ውስጥ የበጋ የሚባለው ጎማ ነው። ከአውሮፓ መኪና የሚልክ ሰው የክረምት ጎማውን ከነቸርኬው አብሮ ቢልክ ዘመድ የጠቀመ ይመስለዋል፤ ለስላሳው ላስቲክ ግን በአዲስ አበባ ፀሐይ ቶሎ ይበላል፣ ዝናብ ላይም ከበጋው ያነሰ ነው። አዲስ አበባ ካለ ጎማ ሻጭ ወይም ጎሚስታ ሲገዙ ከላይ የተጠቀሱትን ትራክሽንና ትሬድዌር ይፈልጉ፤ ከቻይና የሚመጡ ብዙ ጎማዎችም ይህ አላቸው። ከዚህ ሌላ በክብ ውስጥ ካለ የኢ ፊደልና ቁጥር አጠገብ «ኤስ 2 ደብሊው አር 2» የሚል ተከታታይ ምልክት ካለ፣ ጎማው የአውሮፓን ዝቅተኛ የድምፅ፣ የእርጥብ መንገድና የመሽከርከር ፍጆታ መስፈርት አልፏል ማለት ነው። የመጀመሪያዎቹ የሰኔ ዝናቦች ወራት የተጠራቀመውን ዘይትና አቧራ አርሰው አስፋልቱን ስለሚያሟልጩ፣ የጥርሱ ጥልቀት ግንቦት ላይ መታየት አለበት።

በኤሌክትሪክ መኪና የሚነዱ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተውሉ። ባትሪው መኪናውን ስለሚያከብደው የጭነት ቁጥሩ በተመሳሳይ የቤንዚን መኪና ላይ ካለው ከፍ ሊል ይችላል፤ አንዳንዱም ከልኩ አጠገብ ኤክስ ኤል ወይም ከልኩ በፊት ኤች ኤል የሚል፣ ከተለመደው በላይ ጭነት መሸከሙን የሚያሳይ ምልክት ያለበት ጎማ ይጠይቃል። ጎሚስታው «ልኩ አንድ ነው» ብሎ ያለዚህ ምልክት ቢያቀርብልዎ፣ ልኩ ቢገጥምም የጭነቱ ቁጥር መድረሱን ከመኪናው በር ምሰሶ ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር አመሳክረው ካልደረሰ ይመልሱት።